የራሴን ቆሻሻ ተጫርቼ ገዛሁ

ከማንበባችሁ በፊት አንድ ነገር ቃል ግቡልኝ። ስክሪንሾት የለም!

ይህን ነገር ከእኔ ካልሰማችሁት ከጌጡ ትሰሙታላችሁና ነው እኔው የምነግራችሁ። ጌጡ ሲያወራ ደግሞ ጨው በርበሬ ይጨምርበታል። በርበሬውም፣ ስትጨርሱ እንደምታዩት፣ የእኔ ነው።

ዛሬ፣ በሐምሌ ገብርኤል፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በሕዝብ ፊት፣ የራሴን የቤት ቆሻሻ በጨረታ ገዛሁ።

አዎ፣ ቆሻሻ።

በርካሽ ቢሆን እኮ ምንም አልነበረም። በውድ ነው!

ለማታውቁኝ፣ ፈንቴ እባላለሁ። ንፋስ መውጫ ላይ በርበሬ፣ ባቄላና ምስር የምነግድ ሰው ነኝ። የተማርኩት ገበያ ነው። ዲግሪ የለኝም፤ ነገር ግን አንድ የታሰረ ማዳበሪያ ከውጭ ዳስሼ ውስጡ ምን እንዳለ፣ ከየት እንደመጣ፣ ሻጩ ከታች ምን እንደደበቀ እነግራችኋለሁ። ይህ ዝናዬ አርብ ገበያ ከተማ ድረስ የታወቀ ነው።

ማለቴ፣ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ የታወቀ ነበር።

እንግዲህ ከቆሻሻው እንጀምር።

የእኛ ከተማ ክረምት እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጉሙ በር አያንኳኳም፤ ዝም ብሎ ገብቶ ከእንግዳ ጋር ቁጭ ይላል። ጭቃው ጫማ ይቀበላል እንጂ አይመልስም። በበጋ የቆሻሻ ማኅበር ሴቶች በአህያ ጋሪያቸው እየዞሩ ይሰበስቡልናል። ክረምት ሲገባ ግን ጋሪው የእኛን አቀበት አይወጣም። አህያዋ አቀበቱን ታየዋለች፣ ትቆማለች፣ አለቀ።

ታዲያ ቆሻሻውን ምን ታደርጉታላችሁ?

ታቃጥሉታላችሁ? እርጥብ ነው። ጢሱ ብቻ ከቤታችሁ ወጥቶ ጎረቤት ይገባና ያጣላችኋል።

ቦይ ውስጥ ትጥሉታላችሁ? ጎርፉ ይወስድና ከታች ያለው ጎረቤት በር ላይ በክብር ያስቀምጠዋል። ሞክሬዋለሁ። ጎረቤቴ ፌስታሌን በጣቱ አንጠልጥሎ መጣና "ጋሽ ፈንቴ፣ ዕቃ ጠፍቶብዎት ነበር" አለኝ። ከነፈገግታው!

በመጨረሻ ባለቤቴ እናንዬ መላ አመጣች። ደብረ ታቦር ያገባችው ልጃችን በስልክ ሪሳይክል የሚባል ነገር አስተምራታለች። "የሚበሰብሰውን ጓሮ ቅበሪ፣ ፕላስቲኩን ለይተሽ አጠራቅሚ" ብላታለች። ጥሩ። ልጣጩም አተላውም ጓሮ ተቀበረ። የውሃ ጠርሙሱ፣ ፌስታሉ፣ የብስኩት ላስቲኩ ግን ሱቄ ጥግ ተከመረ።

ደንበኛ ይገባል፣ ክምሩን ያያል፣ እኔን ያያል።

"ጋሽ ፈንቴ፣ ቆራሌ ሆኑ እንዴ?"

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ብልጠቴ የመጣው!

አንድ አሮጌ የበርበሬ ማዳበሪያ አነሳሁ። ፕላስቲኩን ሁሉ እየረገጥኩ ጠቀጠቅሁበት። አፉን በወፍራም መርፌና በሲባጎ ጥርቅም አድርጌ ሰፋሁት። ለመሸከሚያ ሁለት ጆሮ አወጣሁለት። እኔ ማዳበሪያ ሳልሰፋ መተው አልችልም፤ እጄ እንቢ ይለኛል። ከዚያ በር ጥግ አቆምኩት። የምሸጠው በርበሬ ነው የሚመስለው።

ማን ይለየዋል? ማንም!

ይህ "ማንም" የሚለው እኔንም እንደሚጨምር አላሰብኩም።

አሁን ወደ ስለቱ። ልጃችን የመጀመሪያ ልጇን ስታምጥ ምጡ ከበዳት። ስልክ ደወሉልን። እናንዬ ሱቁ መሃል ተንበርክካ መሬት ሳመችና "ገብርኤል ሆይ፣ ልጄን በሰላም ገላግልልኝ እንጂ ለሐምሌው በዓልህ አንድ ማዳበሪያ ዛላ በርበሬ አገባለሁ" አለች።

ተገላገለች። ወንድ ልጅ! ጤነኛ! ጩኸቱ በስልክ ሱቁን አናወጠው። እኔም አለቀስኩ፤ አልክድም።

ግን በርበሬ? በክረምት? ዋጋው ሰማይ በወጣበት? ጧፍ አለ፣ ጃንጥላ አለ፣ ስንት የሚሳል ነገር አለ! ይህን ያልኩት በልቤ ነው። በአፌ ያልኩት "አሜን" ነው።

ትናንት እናንዬ ዛላውን አንድ በአንድ እየመረጠች ማዳበሪያ ሞላች። ስትጨርስ ጠራችኝና አፉን ሰፋሁት። ያው ስፌት፣ ያው ጆሮ። የት አቆምኩት?

ያው በር ጥግ።

ዛሬ ጠዋት መብራት የለም። ጉሙ ሱቁ ውስጥ ገብቶ የራሴን እጅ አላይም። እናንዬ "ቶሎ በል እንጂ፣ ቅዳሴው ደረሰ!" ትለኛለች። አንዱን ማዳበሪያ ብድግ አድርጌ ባጃጅ ላይ ጫንኩ። ልክ በዚያ ሰዓት ከጉሙ ውስጥ ይታይሽ ብቅ አለች። ይታይሽ የቆሻሻ ጋሪዋ ባለቤት ናት። ለካስ ትናንት ሳይዘንብ ስለዋለ አህያዋ እሺ ብላ ወጥታለች።

"እንደምን አደሩ ጋሼ! ለበዓል ቤትዎን ላቅልልዎ ብዬ ነው። ቆሻሻ አለ?"

"በር ጥግ የቀረውን ውሰጂ" አልኳት፤ ዞር ብዬ እንኳ ሳላይ።

ሳላይ! ማዳበሪያ በመዳሰስ የታወቀው ሰውዬ!

ቤተ ክርስቲያን ደረስን። ቅዳሴው አለቀ፣ ታቦቱ ወጥቶ ገባ፣ ዝናቡ ትንሽ ፋታ ሰጠን፣ የስለት ጨረታ ተጀመረ። ሰው ለስለቱ ያስገባው ዕቃ በግቢው ይጫረታል፤ ገንዘቡ ለቤተ ክርስቲያኑ፣ በረከቱ ለገዢው። አጫራቹ መምሬ ካሴ ናቸው። የእሳቸው ድምፅ ማይክ አይፈልግም፤ ማይኩ ነው እሳቸውን የሚፈልገው።

አሁን የምነግራችሁን እናንዬ እንዳትሰማ። ፌስቡክ የላትም። እህቷ ግን አላት። እንደምን ዋልሽ እህታችን!

ዕቅዴ እንዲህ ነበር። ክረምት ነው፣ ሰው በርዶታል፣ ጨረታው በርካሽ ያልቃል። የእናንዬን በርበሬ እኔው መልሼ እገዛዋለሁ። ስለቱ ይደርሳል፤ በርበሬው ይመለሳል፤ ለአዲስ ዓመት ዋጋው ሲንር እሸጠዋለሁ።

ኃጢአት ነው? የትም ተጽፎ አላየሁም!

"አንድ ማዳበሪያ ዛላ በርበሬ፣ ከወይዘሮ እናንዬ!" አሉ መምሬ ካሴ። እልልታው ቀለጠ። እናንዬ ነጠላዋን አስተካከለች።

ወደ ማዳበሪያው ጠጋ አልኩ። የራሴን ዕቃ ለምን ዳሰስኩት? ልማድ ነዋ። ደግሞ ሕዝብ እያየኝ ነው።

ጨበጥ አደረግኩት። ኮሽ ኮሽ አለ። የደረቀ ዛላ ድምፅ!

አሸተትኩት። አስነጠሰኝ። ጥሩ በርበሬ እንዲህ ነው! ማዳበሪያው ራሱ የበርበሬ እንደነበር ማን ያስታውስ?

ከዚያ እጄን ወደ መሃል ሰደድ ሳደርግ አንድ ጠንካራ፣ ክብ ነገር ነካሁ። ጣሳ ነው። ቆም አልኩ። ጣሳ በበርበሬ መሃል ምን ይሠራል?

ገባኝ! እናንዬ ከእኔ ደብቃ ማር ጨምራበታለች! ታደርገዋለች፤ ለስለት እጇ አይሰስትም። የስማዳ ነጭ ማር ቢሆንስ?

ወዳጆቼ፣ እኔ በዚያች ሰዓት ከግቢው ሰው ሁሉ የበለጠ የማውቅ መስሎኝ ነበር።

ችግሩ ጌጡ አለ። ጌጡ የአርብ ገበያ በርበሬ ነጋዴ ነው፤ ለበዓል ዘመድ ጋ መጥቷል። እሱ ማዳበሪያ አይዳስስም። የእኔን ፊት ነው የሚዳስሰው። ጣሳውን ስነካ ዓይኔ ሲበራ አየ። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ!

እኔ ዋጋ ጠራሁ። ጌጡ "ጨመርኩ" አለ።

ጨመርኩ። ጨመረ።

"ምን አየህበት አንተ?" አለኝ በጆሮዬ።

"በረከት ነው የምፈልገው" አልኩት።

"አንተ? በረከት? ጨመርኩ!"

ዋጋው የበርበሬን ዋጋ አለፈ። የማሩንም አለፈ። ኮሜንት ላይ "ስንት?" ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ ብሎክ ነው የማደርጋችሁ። እናንዬን በሴቶቹ በኩል አየኋት፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ባሌ ለካ ለልጄ ስለት እንዲህ ያስባል ብላ። እሱን ሳይ ትንሽ ቆጠቆጠኝ። ግን አላቆምኩም።

"ሦስተኛ! ለፈንቴ! ገብርኤል በዕጥፉ ይተካልህ!" አሉ መምሬ ካሴ።

አሸነፍኩ!

ጌጡ ግን አልለቀቀኝም። "በል እስቲ ክፈተው። ምን ቢኖርበት ነው እንዲህ ያበድከው?" አለ። ሕዝቡም "አሳየን! አሳየን!" አለ። እኔም ደረቴን ነፋሁና ቢላዋ ተቀብዬ ስፌቱን በጠስኩ፤ ማዳበሪያውን ሸራ ላይ ገለበጥኩት።

መጀመሪያ አንድ የውሃ ጠርሙስ እየተንከባለለ ወጣ።

ከዚያ ሌላ።

ከዚያ የተጨመደደ ፌስታል ቀስ ብሎ ተዘረጋ። ነፋስ መጣና አንስቶ የጌጡ ትከሻ ላይ እንደ ካባ አለበሰው።

ከኋላ አንዲት ሴትዮ "ይሄ ደግሞ የየት አገር በርበሬ ነው?" አለች።

አላለቀም! ጣሳው አለ። ተንከባለለ፣ ድንጋይ መታው፣ ክዳኑ ተፈናጠረ። የዱቄት ወተት ጣሳ ነው። ውስጡ ማር የለም። ውስጡ እናንዬ እንዳታይብኝ ብዬ የደበቅኋቸው ባዶ ፓኬቶች ናቸው።

ጥቁር የጸጉር ቀለም።

ያ ሁሉ ሰው ከጣሳው ወደ ጸጉሬ አየ። ከጸጉሬ ወደ ጣሳው። ጌጡ ሳቁ ሲጥለው ለስለት የመጣ የሰው በግ ተደግፎ ቆመ። መምሬ ካሴ ፊታቸውን እንደምንም ኮስተር አድርገው "ፈንቴ ልጄ፣ ሬዲዮው ሪሳይክል ሪሳይክል የሚለው ይህንን ነው?" አሉኝ።

እናንዬ ግን አልሳቀችም።

"ቀለሙን ተወው፤ ትራስህ ከነገረኝ ቆይቷል" አለች። "በርበሬዬስ? የልጄ ስለት የት አለ?"

ጎንበስ ብዬ ጠርሙሶቹን መሰብሰብ ጀመርኩ።

"ለገብርኤል ቆሻሻ ነው ያገባሁት?" አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር።

እዚህ ላይ ቀልዱ ለእኔ አለቀ። ሱቁ መሃል ተንበርክካ መሬት ስትስም ታየችኝ። በር ጥግ የቀረው ማዳበሪያም ታየኝ፤ ይታይሽም፣ አህያዋም። በርበሬው ወደ ቆሻሻ ጉድጓድ እየሄደ ነው፤ ሰማዩም እንደገና ጠቁሯል!

"ሩጡ" አሉ መምሬ ካሴ። "በጎቹ ገና አልተሸጡም፤ ጨረታውን አልዘጋም።"

ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በጋቢ! እናንዬ ከኋላዬ። ቁልቁለቱ ላይ ጭቃው አንድ ጫማዬን ተቀበለኝ። አላስመለስኩትም። በረዶ መውረድ ጀመረ። አናቴን ይመታኛል፤ እኔ የማስበው ግን በርበሬውን ነው። ዛላ አንዴ ከራሰ ይሻግታል። የሻገተ ስለት ደግሞ ማን ይቀበላል?

ቆሻሻ መጣያው ጋ ስደርስ ከማኅበሩ ሴቶች የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ መጀመሪያ የሰማሁት ማስነጠስ ነው። አንዷ ታስነጥሳለች፣ ሌላዋ "ይማርሽ" ትላለች፣ እሷም ታስነጥሳለች። ገባሁ። ይታይሽና ጓደኛዋ በርበሬውን በየፌስታሉ እየከፋፈሉ ነው። ደረቅ ነው! አንድ ዛላ አልነካውም ዝናቡ!

"ይታይሽ፣ ያ ማዳበሪያ..." አልኩ እያለከለክሁ።

"እልልልል! መጡ! ጋሼ መጡ!"

"ማዳበሪያው እኮ..."

"ዝም ይበሉ ጋሼ! ምንም እንዳይሉ። ገብቶናል።"

"ምኑ ነው የገባሽ?"

"ቀኝህ የምትሰጠውን ግራህ አትወቅ ይላል መጽሐፉ። እርስዎ ደግሞ ከዚያም አልፈው ቆሻሻ አስመስለው ሰጡን! ሰው እንዳያይልዎ! ለማኅበሩ ሴቶች ሁሉ በየድርሻቸው እያካፈልኩ ነው።"

ጓደኛዋ አንገቷን ደፋች። "እኔማ ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያ ስስታም እያልኩ አምቼዎታለሁ።"

"የት?"

"ኧረ በየቤቱ ነው ጋሼ!"

እስቲ እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? "መልሺ፣ በስህተት ነው፤ እንዳልሽኝ ስስታም ነኝ" ትላላችሁ?

ዞር ስል እናንዬ በሩ ላይ ቆማለች። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው፤ ነጠላዋ ላይ በረዶ ተጠራቅሟል። ሁሉንም ሰምታለች። በእጇ የመረጠችውን ዛላ በየፌስታሉ አየችው።

ይታይሽ "እትዬ፣ ዘንድሮ የአዲስ ዓመት ወጣችን ሊቀላ ነው! ጋሼን ያኑርልዎ!" አለቻት።

እናንዬ እኔን አየች። አንድ እግሬ ጫማ የለውም። ከጸጉሬ የሚወርደው ውሃ ደግሞ፣ በኋላ እንደተነገረኝ፣ ጥቁር ነበር።

ሳቋ ፈነዳ! ዳሱን ተደግፋ፣ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ። ሴቶቹም ምን እንደሆነ ሳያውቁ ሳቁ። እኔም ምን ላድርግ፣ ሳቅሁ።

"ብሉት፣ በደስታ ብሉት" አለቻቸው። "አንድ የልጅ ልጅ አለኝ፤ እሱን መርቁልኝ።"

መረቁት። እንዴት ያለ ምርቃት መሰላችሁ! በበረዶው ድምፅ ላይ "አሜን" እያልን ተቀበልን። ከዚያ እናንዬ ወደ እኔ ዞረች።

"አንተ ደግሞ መጋዘኑን ክፈት።"

"የትኛውን?"

"ለጳጉሜን ብለህ በርበሬ የደበቅህበትን።"

ይህን ደግሞ ማን ነገራት? ያው ትራሴ ይሆናል!

ከደበቅሁት ውስጥ ምርጡን ማዳበሪያ ራሷ መረጠች። መርፌና ሲባጎ ሳነሳ እጄን መታችኝ። "አፉ ክፍት ይሂድ። ሁሉም ይየው።" ሸራ ጣል አድርጌበት በትከሻዬ ተሸከምኩት። አቀበቱን በአንድ ጫማ!

መምሬ ካሴ ሸራውን ገለጥ አድርገው እጃቸውን ሰደዱና አንድ እፍኝ ዛላ ወደ ላይ አነሱ። በዚያ ጉም ውስጥ ቀይ ሆኖ ታየ። የቀረው ሰው እልል አለ። እናንዬ ከነጭቃዋ ተንበርክካ መሬት ሳመች። ስትነሳ ፊቷ ልጃችን የተገላገለች ዕለት የነበረውን ፊት መሰለ።

እዚህ ላይ ብናቆም ጥሩ ነበር።

ጨረታው ግን አለ! ሰው በረዶውን ሸሽቶ ቤቱ ገብቷል። ጌጡ ብቻ ፌስታሉን ከትከሻው ሳያወርድ ቆሟል። ሆን ብሎ ነው። ዋጋ ጠራ። ለመጨመር አፌን ስከፍት እናንዬ ጫማ የሌለውን እግሬን ረገጠችው።

"ሦስተኛ! ለጌጡ!"

ስንት ገዛው? ከቆሻሻው ባነሰ! ምርጡን በርበሬዬን እኔ ፌስታል ከገዛሁበት ባነሰ ዋጋ ወሰደው። ሲጭነው "ፈንቴ፣ ከእንግዲህ ሽርክና እንግባ። አንተ ቆሻሻውን፣ እኔ በርበሬውን" አለኝ።

የገዛሁትን ፕላስቲክ ይታይሽ መጥታ ወሰደችልኝ። "ይሄንንም ለእኛ?" አለችኝ። ከእንግዲህ ክረምት ከበጋ መጀመሪያ የምትመጣው እኛ በር እንደሆነ፣ አህያዋንም እንዳስማማች ነገረችኝ።

ይህን የምጽፍላችሁ እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው። እናንዬ ከጓዳ ሆና ለእህቷ በስልክ ታወራለች፤ በየመሃሉ ሳቋ ይሰማኛል። አስቀይሜያት ቢሆን ኖሮ ዝም ነበር የምትለው። ስለዚህ ደህና ነኝ። እንደ ነጋዴ ግን ሂሳቤን መሥራት አለብኝ። አንድ በርበሬ ለማኅበሩ ሴቶች ሄደ። የጨረታው ገንዘብ ለቤተ ክርስቲያን ሄደ። ሌላ በርበሬ እንደገና ለስለት ሄደ።

ስለዚህ ከተከታዮቼ መካከል የቤተ ልሔም ድጓ ቤት ሊቃውንት ካላችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። ለአንድ የልጅ ልጅ ሦስት ጊዜ ከፍያለሁ። የተረፉት ሁለቱ ለሚቀጥሉት ልጆች ይያዙልኛል ወይስ እንደ ኢንተርኔት ፓኬጅ ካልተጠቀምኩባቸው ይቃጠላሉ?

ልጄን ደውዬ ጠየቅኋት። "አባዬ፣ ገና አራስ ቤት ነኝ!" ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።